ፈቃድ የሌላቸው እጆች በጅዳና በመካ ሰይደሊያ

ጅዳ ውስጥ የሙያ ፈቃድ ሳይኖረው በጤና ሙያ ሲሠራ የተገኘ ሰው እስከ 6 ወር ሊታሰር፣ እስከ 100,000 ሪያልም ሊቀጣ ይችላል። የሳዑዲ ዐረቢያ የጤና ሙያዎች ሕግ ከ2005 ጀምሮ ይህን በማያሻማ ቃል ደንግጓል (ካልተገለጸ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ከተማ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት (ሰይደሊያ) ግን ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ካላገዙት ውሎ አያድርም። ካርቶን ከመኪና የሚያወርደው፣ ፍሪጅ የሚያጸዳው፣ የመድኃኒት ጋሪ ወደ ዋርድ የሚገፋው፣ መደርደሪያ የሚሞላው፣ ቀኑ ያለፈበትን ለይቶ የሚያወጣው ሰው ብዙ ጊዜ ፋርማሲስት አይደለም። እኛ ድሮ «ድራጊስት» እንለው የነበረው ቴክኒሺያንም አይደለም። ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ላይ የሰፈረለት ሙያ «ሠራተኛ» ነው።

ይህ ዳሰሳ ስለነዚህ ሰዎች ሥልጠና ነው። በጉዳዩ ላይ ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው «ወረቀት የሌለው ሰው መድኃኒት ቤት ደጃፍ አይድረስ» ይላል። ሁለተኛው «ሥራ የሚለመደው በእጅ ነው፤ አሥር ዓመት ቆሞ ያየ ሰው ከትናንት ተመራቂ ይበልጣል» ባይ ነው። ሁለቱም ማስረጃ አያጡም። ሁለቱም ግን «የመድኃኒት ቤት ሥራ» ሲሉ አንድ ወጥ ነገር አድርገው ነው የሚያዩት። በውስጡ አንድ ሠራተኛ በሁለት ሳምንት አጥርቶ የሚይዘው ሥራ አለ፤ አምስትና ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ያልተቀመጠ ሰው ሊነካው የማይገባም አለ። እኔ የምከራከረው ሥልጠናው በየተግባሩ ተከፋፍሎ እንዲሰጥ ነው፦ አንዱን ሥራ ማሳየት፣ ማሠራት፣ መፈተን፣ ያለፈበትንም በጽሑፍ አስፍሮ በእጁ መስጠት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በጅዳና በመካ ደህና በሚባሉት ሆስፒታሎች በመጠኑም ቢሆን ይደረጋሉ። አራተኛው ነው የጎደለው፤ በዚያ ጉድለት ከሚጎዱት መካከል ደግሞ የኛ ሰዎች አሉ።

ከድሬሰር እስከ «ሀይአ»

ከባለሙያ ጎን ቆሞ እያዩ መማር ለሒጃዝ አዲስ ነገር አይደለም። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ የመጀመሪያውን የጤና መሥሪያ ቤት በ1925 ያቋቋሙት መካ ላይ ነበር፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተመሠረተው በ1951 ነው። በአገሩ የመጀመሪያው የፋርማሲ ኮሌጅ ሪያድ ላይ እስኪከፈት ድረስ ደግሞ 1959ን መጠበቅ ነበረበት። እስከዚያ ድረስ የተማረው ባለሙያ ከውጭ ይመጣል፣ ረዳቱ ከዚያው ይገኛል፤ ረዳቱም የሚማረው ከባለሙያው እጅ ነው። ከኛ አገር ጋር ያለው ልዩነት ሰፊ አይደለም። የአዲስ አበባው የፋርማሲ ትምህርት ቤት የተጀመረው በ1961፣ ከሪያዱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በየአውራጃው ሕዝቡን ያስታመመው ድሬሰር ነበር። ቁስል ማጠብን፣ መርፌ መውጋትን፣ ክኒን ቆጥሮ መስጠትን ሐኪም ቤት ውስጥ እያየ የተማረ፣ በአገር ቤት አነጋገር «ዶክተር» የሚባል ሰው። በድሬሰር የዳነ ብዙ ነው፤ በድሬሰር መርፌ የተጎዳም አለ። ሁለቱንም የሚያስታውስ ትውልድ ገና በሕይወት ስላለ ነገሩን በናፍቆት ብቻ ማውራት አይቻልም።

ፈረንጁም በዚሁ መንገድ አልፏል። የወንጀል ልብወለድ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶርኪ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ስታገለግል ቆይታ፣ በ1917 የረዳትነቱን ፈተና አልፋለች። በመጽሐፎቿ ውስጥ መርዙ ሁሉ እንዲያ ልክ ልኩን የሚታደለው ያለ ነገር አይደለም።

በሳዑዲ የልምድ በር መጥበብ የጀመረው ሰዉ ባጭሩ «ሀይአ» የሚለው የሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን በ1992 ሲቋቋም ነው። በ2003 የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ተከተለ፤ በ2005 ከላይ ያነሳሁት ሕግ ወጣ። ዛሬ አንድ የውጭ አገር ሰው በፋርማሲ ቴክኒሺያንነት ለመሥራት የታወቀ ተቋም ዲፕሎማ ያስፈልገዋል። ዲፕሎማው የትምህርት ማስረጃ በሚያጣራው ዳታፍሎው በተባለ ድርጅት በኩል ከሰጠው ተቋም ድረስ ተጠይቆ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰውዬው በኮምፒውተር ፈተና ይቀመጣል። ወረቀት የሌለው ሰው የሃያ ዓመት ልምድ ቢኖረው በዚህ ሚዛን ላይ ክብደቱ ዜሮ ነው። በዚህ ላይ ሥራውን ለዜጎች የማድረግ ፖሊሲ ተደረበበት። በ2020 ከፋርማሲ ሙያተኞች 20 በመቶው፣ በ2021 ደግሞ 30 በመቶው ሳዑዲያውያን እንዲሆኑ ታዘዘ። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ኮታው እንደ ቦታው ተለይቶ ለመንደር ፋርማሲዎች 35፣ ለሆስፒታል ፋርማሲ ሥራ 65 በመቶ ሆኗል።

ፈቃዱን ማጥበቅ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በሐኪም ማዘዣ ላይ የተጻፈን መጠን ከታማሚው ኩላሊትና ከሌሎች መድኃኒቶቹ ጋር ማመዛዘን በዓይን ልምድ የሚገኝ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ሕጉ የሚያየው ባለፈቃዱን ነው። ኮታውም የሚቆጥረው ባለሙያውን ነው። ከሁለቱ በታች ያለው ካርቶን ተሸካሚ በየትኛውም መዝገብ ስለማይገኝ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ የሚጠይቀው የለም። በልምድ የተማረው ሰው መስኮቱ ላይ መቆሙ ቀርቷል፤ ከመስኮቱ ጀርባ ግን አሁንም እዚያው ነው።

ካርቶኑ፣ ቀኑና ሰዓቱ

ቀላል የሚመስለውን የካርቶን ሥራ እንውሰድ። በየትኛውም ሆስፒታል መጋዘን የመጀመሪያው ደንብ ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ የሚል ነው። አዲስ የመጣው ካርቶን ከኋላ ይገባል፣ የቆየው ወደ ፊት ይሳባል። ይህን ለማስተማር አምስት ደቂቃ ይበቃ ይሆናል፤ ግን ቀኑን ማንበብ ራሱ ትምህርት ነው። ካርቶኑ ላይ 09/2026 ተጽፏል እንበል። ለፋርማሲስቱ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዕለት ካልተጠቀሰ መድኃኒቱ እስከ ወሩ የመጨረሻ ቀን ያገለግላል። በቅርቡ ከወሎ ገጠር ለመጣ ልጅ ግን 9ኛው ወር ግንቦት ነው። አገር ቤት ዘመኑ 2018 ስለሆነ 2026 ገና 8 ዓመት የቀረው ይመስለዋል። አጠገቡ ያለው ዐረብ የሥራ ባልደረባ ደግሞ የተረከበበትን ቀን በሂጅራ 1447 ብሎ ይጽፍበታል። በአንድ ካርቶን ላይ ሦስት ዘመን ተገናኘ ማለት ነው። መድኃኒቱ የሚያልፈው በኛ አቆጣጠር መስከረም 20 ቀን 2019 መሆኑን አስልቶ የሚነግረው ከሌለ፣ ልጁ ሰነፍ ሳይሆን ይሳሳታል።

አሃዙም እንዲሁ ነው። በእጅ በተጻፈ ዐረብኛ ዜሮ ነጥብ ናት፤ የፈረንጁን ዜሮ የሚመስለው ክብ 5 ነው፤ 7 የሚመስለው ደግሞ 6 ነው። 50 ካርቶን አምጣ የሚል ማስታወሻ ላላወቀው ሰው ዜሮና ነጥብ ሆኖ ይታየዋል። የሰዓቱን ነገር ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፦ ለጠዋቱ 8 ሰዓት ዋርድ ይድረስ የተባለ ጋሪ በኛ ቆጠራ የ2 ሰዓት ጋሪ ነው። ጅዳ የከረመ ሰው ይህን ይለምደዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግን ማንም በጥርጣሬ ነው የሚያልፋቸው። የሆስፒታል መድኃኒት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው ብሎ አይታገስም። እነዚህ ሦስቱ፣ ቀኑ፣ አሃዙና ሰዓቱ፣ በየትኛውም ዓለም አቀፍ የሥልጠና መመሪያ ተጽፈው አይገኙም። መመሪያው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ለሚያስብ ሰው ነው። ለኢትዮጵያዊ ሠራተኛ የሚዘጋጅ ሥልጠና ግን ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።

ቅዝቃዜ ቀጥሎ ይመጣል። ኢንሱሊን፣ ክትባት፣ ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ሠራተኛው ሙቀት እንደሚያበላሽ በቶሎ ይገባዋል፤ የጅዳ ነሐሴ ያስተምረዋል። የማይገባው ብርድም የሚያበላሽ መሆኑ ነው። ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቀልጦ ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል፤ አይደለም፣ መጣል አለበት። እንዲሁም ፍሪጁን ለማጽዳት ሶኬቱን ነቅሎ መድኃኒቱን ጠረጴዛ ላይ የደረደረ የጽዳት ሠራተኛ ክፉ አላደረገም፤ ያልተነገረውን ነው ያላወቀው። የፍሪጅ ሙቀትን በቀን ሁለቴ አንብቦ መመዝገብ፣ ቁጥሩ ከመስመር ሲወጣ ለማን እንደሚደወል ማወቅ፣ እስኪደወልም ድረስ ምንም አለመነካካት፦ ይህ በሁለት ቀን ተምሮ ዕድሜ ልክ የሚሠራበት እውቀት ነው።

መደርደሪያ መሙላት ላይ አደጋው ስም ነው። መድኃኒቶቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ሲደረደሩ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድራላዚን ለማሳከክ ከሚሰጠው ሃይድሮክሲዚን ጎን ይቀመጣል፤ ዶፓሚንና ዶቡታሚንም እንደዚያው ጎረቤት ናቸው። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ቀላል ነው፦ የሚለያዩትን ፊደላት በትልቁ መጻፍ፣ ሣጥኖቹን አራርቆ ማስቀመጥ፣ ቀለም መለጠፍ። ፊደሉን የማያነብ ሠራተኛ እንኳ «እነዚህ ሁለቱ አይቀራረቡም» የሚለውን ይይዛል። በእጅ ስካነር በሚሠሩት ትልልቅ ሆስፒታሎች ማሽኑ ስህተቱን ይይዘዋል ይባላል። ይይዛል፣ ስካን ከተደረገ። ሰው ሲቸኩል አንዱን ሣጥን ስካን አድርጎ አሥሩን ይሞላል፤ ሥልጠናው መንገር ያለበት ይህን ጭምር ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ ነው የሚያስፈራው። የደም ሥር መድኃኒትና የካንሰር መድኃኒት የሚዘጋጅበት ንጹሕ ክፍል ውስጥ ስህተት ምን እንደሚያመጣ ዓለም የተማረው በ2006 አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ከሞተችው የ2 ዓመት ሕፃን ከኤሚሊ ጄሪ ነው። የካንሰር ሕክምናዋ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። መድኃኒቷ የሚበጠበጥበት የጨው ፈሳሽ 0.9 በመቶ መሆን ሲገባው የፋርማሲ ቴክኒሺያኗ 23.4 በመቶ በሆነው፣ ማለትም 26 እጥፍ በሚበልጠው አዘጋጀችው። ፋርማሲስቱ አይቶ አሳለፈው። በዚያን ጊዜ የኦሃዮ ግዛት ለቴክኒሺያን ሥልጠናም ፈተናም አይጠይቅም ነበር። ፋርማሲስቱ ፈቃዱን ተነጠቀ፣ ታሰረም፤ ግዛቲቱ በ2009 በሕፃኗ ስም የሚጠራ ሕግ አወጣችና ሥልጠናን ግዴታ አደረገች። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ያልሠለጠነ እጅ የሠራውን የሠለጠነ ዓይን ሁልጊዜ ይይዘዋል ብሎ ማመን ሞኝነት ነው። ሁለተኛው፣ ሕጉ የመጣው ከቀብር በኋላ ነው።

ስለዚህ ንጹሕ ክፍሉ ፈቃድ ለሌለው ሠራተኛ ዝግ መሆን አለበት፤ ከጽዳት በስተቀር። የዚያ ክፍል ጽዳት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፦ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው አቅጣጫ መጥረግ፣ አለባበሱን በቅደም ተከተል ማድረግ፣ ሥራ ላይ ሳሉ በር አለመክፈት፣ የካንሰር መድኃኒት ሲፈስ በተራ ጨርቅ አለመጥረግ። የመጨረሻው የታማሚውን ብቻ ሳይሆን የጽዳት ሠራተኛዋን ጤና ይነካል። ብዙ ጊዜ ያልተነገራትም እሱኑ ነው።

እንዴት ይሠልጥኑ? ልብስ ሰፊ ተለማማጁን የሚያስተምረው ጨርቅ አስይዞ ነው፤ ስለ ጨርቅ ንግግር አድርጎ አይደለም። ጥሩ አሠልጣኝ ለተማሪው የሚሰጠው መደርደሪያ ነው። ሆን ብሎ ቀኑ ያለፈ ሣጥን መሐል ይሸጉጣል፣ አንዱን በጎረቤቱ ቦታ ያስቀምጣል፣ የፍሪጅ መዝገቡ ላይ 11 ዲግሪ ይጽፋል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ያያል። ተማሪው ካገኘው አልፏል፤ ካላገኘው ነገ ይደገማል። ፈተናው የጽሑፍ መሆን አያስፈልገውም። በሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ እየታሰበ መሰጠቱ ግን ያስፈልጋል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ በኋላ አዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ለፊርማ ወረቀት እንጂ ለሰው አይጠቅምም።

«ንገሪያት» ሲባል

አንድ ነገር ከሌላው ሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ጅዳ ውስጥ ዐረብኛ የማትችል ኢትዮጵያዊት ወደ ሆስፒታል መድኃኒት መስኮት ስትመጣ፣ ፋርማሲስቱ ግብፃዊ ወይም ሳዑዲያዊ ነው እንበል፣ ከጀርባው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር የጽዳት ሠራተኛ ካለ ይጠራል። «ንገሪያት!» ይላታል። በዚያች ቅጽበት ጽዳት ሠራተኛዋ ማንም ሳያሠለጥናት የመድኃኒት ምክር ሰጪ ሆነች። ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ደግነት ነው። ግን ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲታዘዝ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚዋጠው፤ በቀን አንዴ ተብሎ ከተተረጎመ ይገድላል። «በየ8 ሰዓቱ» እና «በ8 ሰዓት» በአማርኛ አፍ ላይ የሚለያዩት በአንድ ሁለት ፊደል ነው። በረመዳን ደግሞ ታማሚዋ «እየጾምኩ ነው» ስትል አስተርጓሚዋ በራሷ ፍርድ «እንግዲያው ማታ ሁለቱንም አንድ ላይ ዋጪው» ብትላት ማንም አይሰማም። ትክክለኛው ነገር ያንን ቃል ወደ ፋርማሲስቱ መመለስ ነበር። ለአንዳንዱ መድኃኒት በኢፍጣርና በሱሑር ማድረግ ይቻላል፣ ለሌላው ሌላ መድኃኒት መተካት ግድ ይሆናል፤ ያንን የሚወስነው እሱ ነው።

ሆስፒታሎቹ ይህን ሥራ «አስተርጓሚ ቅጠሩ» በሚል ምክር ብቻ አያስቀሩትም። መስኮቱ ላይ ወረፋ አለ፣ ቋንቋው ብዙ ነው። ስለዚህ መጠራቷ ካልቀረ የምትጠራዋን ሴት ማሠልጠን ነው የሚያዋጣው፣ ያውም በትንሽ ነገር፦ የተባለውን ብቻ ማለት፣ ምንም አለመጨመር፣ ታማሚዋ የጠየቀችውን ሁሉ መልሶ ማድረስ፣ በመጨረሻም «እስቲ እንዴት እንደምትወስጂው ንገሪኝ» ብሎ አስደግሞ ለፋርማሲስቱ መተርጎም። ይህች ሥልጠና ግማሽ ቀን አትፈጅም። ድንበሩ ግን በደማቅ መስመር ይሰመር፦ ፈቃድ የሌለው ሰው መድኃኒት ለታማሚ አያስረክብም፣ ከራሱ አይመክርም፣ የአደንዛዥ መድኃኒት ቁልፍ አይነካም።

መካ በሐጅ ሰሞን

መካ ላይ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። አል ኑር፣ ሒራእ፣ የሺሻው ንጉሥ ፈይሰል፣ የዛሂሩ ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ፣ የንጉሥ ዐብዱላህ የሕክምና ከተማ ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ ሆስፒታሎች ናቸው። የሚናና የዐረፋ ሆስፒታሎች ግን የሚሞሉት በሐጅ ሰሞን ነው። በ2024 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ፣ በ2025 ወደ 1.67 ሚሊዮን ሰው ሐጅ አድርጓል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ስኳሩን፣ ግፊቱንና አስሙን ይዞ ነው የሚመጣው፤ መድኃኒቱን ሻንጣ ውስጥ ረስቶ የሚመጣም ሞልቷል። ሚኒስቴሩ ከየክፍለ ሀገሩ ባለሙያ ወደ መካ ያዛውራል። ባለሙያው የማያውቀው ሆስፒታል ውስጥ፣ የማያውቀው መደርደሪያ ፊት ነው የሚቆመው። ያንን መጋዘን በባዶው ተረክቦ፣ ሞልቶ፣ ሰሞኑ ሲያልቅ ቆጥሮ የሚመልሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጉልበት ሥራ የሚሠራው ሰው ነው።

በ2024ቱ ሐጅ በታላቁ መስጊድ አካባቢ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ 1,301 ሰዎች እንደሞቱ፣ ከነሱም 83 በመቶው ያለ ሐጅ ፈቃድ የመጡ እንደነበሩ የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል። ወሬው ሁሉ ስለ ሰዎቹ ነበር፣ ይገባልም። ከመድኃኒት ቤት ዓይን ሲታይ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ በዚያ ፀሐይ ከመኪና ወርዶ በር ላይ ለሃያ ደቂቃ የቆመ ካርቶን ውስጥ ምን ነበር? ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የተባለ መድኃኒት ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ሙቀት ውስጥ መቆየቱን የሚያውቀው አውራጁ ብቻ ነው። እንዲናገር ካልተማረ፣ ብናገር ይቆጡኛል ብሎም ከፈራ፣ ፋርማሲስቱ አያውቅም። ስለዚህ ከሐጅ በፊት ከሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ምናልባት ይህ ነው፦ ስህተቱን የተናገረ ሠራተኛ አይቀጣም። የፎርማን ቁጣ የለመደ ሰው ይህን በቃል ብቻ አያምንም፤ አንድ ሰው ተናግሮ ሳይቀጣ ማየት ይፈልጋል።

የሐጅ ወረርሽኝ ታሪክም ሠራተኛው ሊያውቀው የሚገባ ነው። ከ2000ና ከ2001 ሐጆች ጋር ተያይዞ የማጅራት ገትር በሽታ በብዙ አገር ከተዛመተ በኋላ ሳዑዲ አራቱን ዝርያ የሚከላከለውን ክትባት ለሐጃጅ ሁሉ ግዴታ አድርጋለች። ኢትዮጵያ የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው አካባቢ ስላለች ለዓመታት የኛ ሐጃጆች ወደብና አውሮፕላን ጣቢያ ሲደርሱ የሲፕሮፍሎክሳሲን ክኒን ይሰጣቸው ነበር። ያን ክኒን ያየ ሐበሻ ሠራተኛ «የኛን ሰው ለይተው ነው» ብሎ ቅር እንዳይለው ምክንያቱን ቢያውቅ ለሐጃጁም ያስረዳል።

የኛ ሰው ነገር

ኢትዮጵያውያን ጅዳ ውስጥ በብዛት የሚሠሩት በቤት ውስጥ ሥራ፣ በሾፌርነት፣ በጥበቃና በቀን ሥራ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ያሉት በአብዛኛው በጽዳትና በጉልበት ሥራ በኮንትራክተር ድርጅት በኩል ነው የሚገቡት፤ ስለዚህ የሚያሠለጥናቸው ማን እንደሆነ እንኳ አይለይም። ሆስፒታሉ «የድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው» ይላል፣ ድርጅቱ «መጥረግ ነው የተዋዋልነው» ይላል። ኢቃማ ላይ ከተጻፈው ሙያ ውጭ መሥራት በሳዑዲ ሕግ ጥፋት መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ቅን ልብ ያለው አለቃ እንኳ «ፋርማሲ ረዳት» ብሎ ለመጻፍ ይፈራል። የ2013ቱን አፈሳ ያየ ሰው ፍርሃቱን ይረዳዋል። ሕጋዊ ወረቀት ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ በኅዳር መጀመሪያ ካበቃ በኋላ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ ወደ አገር የተመለሱት።

እዚያው ጅዳ ተወልደው ያደጉትን ልጆች ማንሳት ያስፈልጋል። ዐረብኛቸው የአፍ መፍቻ፣ አማርኛቸው የቤት ነው፤ ለመድኃኒት ቤት የተፈጠሩ ያህል ናቸው። ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለውጭ ዜጋ ጠባብ ነው፣ የግል የሕክምና ኮሌጆች ክፍያ ከአባት ደመወዝ በላይ ነው። እነዚህ ልጆች ላይ ነው በስልክ የሚሸጠው «የፋርማሲ ረዳት ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት» የሚያነጣጥረው። አንባቢ ይህን ይያዝልኝ፦ ሀይአ የማያውቀው ወረቀት ለፈቃድ አይረዳም፤ የሐሰት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ለቀጣዩም በር ይዘጋል። ገንዘቡ ለቋንቋ ትምህርት ቢውል ይሻላል።

ሌሎቹ አገሮች እንዴት አደረጉት? አሜሪካ በ1995 ለቴክኒሺያኖች አገር አቀፍ ፈተና ጀመረች፤ ከ2020 ወዲህ ለፈተናው ለመቀመጥ ከታወቀ ሥልጠና ጎን ለጎን 500 የሥራ ሰዓት ያለውም ሰው መንገድ ተሰጥቶታል። ብሪታንያ በ2011 ምዝገባን ግዴታ ስታደርግ ቀድሞ ሲሠሩ ለነበሩት መሸጋገሪያ ፈቅዳ ነበር። ሳዑዲ ራሷ ለቧንቧ ሠራተኛና ለኤሌክትሪሺያን ከ2021 ጀምሮ ተግባራዊ የሙያ ፈተና አምጥታለች። ፈተናውን ለፋርማሲ መጋዘን ሠራተኛ ማስፋት ቴክኒካዊ ችግር የለበትም፤ ፍላጎት ነው የሚጠይቀው።

አገር ቤትም የሚጠቀስ ሥራ አለ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ላይ ተጀምሮ ከአማራ ክልል ወደ አገሪቱ የተስፋፋው ኦዲት የሚደረግ የመድኃኒት አገልግሎት ሥርዓት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስርቆትን ስለቀነሰ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሌላው ገጹ ነው። ሥርዓቱ መስኮቱን ከፋፈለው፦ ማዘዣውን የሚመረምር፣ ዋጋ የሚያወጣ፣ ገንዘብ የሚቀበል፣ መድኃኒቱን አስረክቦ የሚመክር። ሂሳብ ሠራተኞችንም መድኃኒት ቤት ውስጥ አስገባ። የፋርማሲ ትምህርት የሌለው ሰው በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ውስጥ የታወቀ፣ የተጻፈ፣ የሚጠየቅበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። ድንበሩም ተሰምሯል።

ከጅዳ የሚመለሰው ሠራተኛ ግን አገር ቤት ምን ይዞ ይገባል? የሙያና ቴክኒክ ሥርዓታችን ከ2008ቱ ስትራቴጂ ወዲህ ሰው የትም ይማር የት የሚችለው በምዘና ይለካል የሚል መርህ ይዟል። በጤናው መስክ ይህን አጥብቆ መያዝ ተገቢ ነው፤ ደረጃ 4 የፋርማሲ ቴክኒሺያን በልምድ አይገኝም። የመድኃኒት መጋዘን ሥራ ግን፣ መረከብ፣ መደርደር፣ ሙቀት መመዝገብ፣ ያለፈበትን መለየት፣ በሎጂስቲክስ በኩል ሊመዘን ይችላል። ደሴ ላይ የመድኃኒት መጋዘን አለ፤ ከሳዑዲ የተመለሰ ልጅ ደግሞ በወሎ ገጠር ሁሉ አለ።

ለምዘናው ግን የሚቀርብ ነገር ያስፈልጋል። የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 64 ሠራተኛ ሥራ ሲያቋርጥ ከጠየቀ አሠሪው ያለ ክፍያ የአገልግሎት ማስረጃ እንዲሰጠው ያዛል። የጀመረበት ቀን፣ ያቆመበት ቀን፣ ሙያውና የመጨረሻ ደመወዙ ይጻፍበታል። የቤት ሠራተኞች በዚህ ሕግ ስለማይሸፈኑ ለነሱ አይሠራም፤ በድርጅት በኩል ሆስፒታል ውስጥ ለሚሠራው ግን መብቱ ነው። ብዙው ሰው አይጠይቅም፤ የጠየቀውም የሚያገኘው «ሠራተኛ» የሚል ቃል ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ሁለት ወረቀት ይሁን። አንዱ ሕጉ ያዘዘው። ሁለተኛው የሆስፒታሉ የመድኃኒት ቤት ኃላፊ የሚፈርምበት የሥራ ዝርዝር፦ የፍሪጅ ሙቀት መዝግቧል፣ ከዚህ እስከዚህ ቀን፤ መጋዘን በማለፊያ ቀን ቅደም ተከተል ደርድሯል፤ የዋርድ ጋሪ አድርሷል፤ መድኃኒት ለታማሚ አላስረከበም። የመጨረሻው መስመር ለፈራሚው ዋስትና ነው፤ ኃላፊው ፊርማውን ለማኖር የሚደፍረውም በሱ ምክንያት ነው። ወረቀቱ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ቢሆን፣ የሆስፒታሉ ማኅተም ቢያርፍበት፣ ሰውዬው ከመጓዙ በፊትም ጅዳ በሚገኘው ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን ቢረጋገጥ፣ ደሴ ላይ የሚቀመጠው መዛኝ ቢያንስ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።